ለቅሶ የተበደረው ዳስ

ይመር፣ ተነስ እንጂ... ረፈደብን። ሰኞ ነው እኮ። «አንተ እንቅልፋም!» እያልክ ብርድ ልብሱን የምትገፍፈኝ አንተ ነበርክ። ዛሬ ግን እኔ ቀደምኩህ።

ለማታውቁት... ይመር ታላቅ ወንድሜ ነው። እሱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር፣ እኔ ዘጠነኛ ኬ ነኝ። ዘንድሮ የተመዘገበው ተማሪ የጉድ ነው፤ ክፍሉ ከኤ ተነስቶ ኬ ደርሷል። ለእኛ ለኬዎች ክፍል ስላልተረፈልን ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ነበር የምንማረው።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ መጡና «እስከ ሰኞ ሳምንት የራሳችሁን ዳስ ካቆማችሁ ጠዋት ትማራላችሁ። ካልሆነ ወደ ከሰዓት ፈረቃ ትዛወራላችሁ» አሉን።

የእኛ ቀበሌ ትምህርት ቤቱ ካለበት ከመካነ ሰላም ከተማ ሩቅ ነው። የከሰዓት ፈረቃ ማለት ወንዙን በጨለማ ተሻግሮ መመለስ ማለት ነው። እማዬ ደግሞ ቁርጡን ተናግራለች... «ጅብ ከሚበላህ ትምህርቱ ይቅር!»

ይመር ሳቀ። «አብሽር! ቋሚውን እኔ እቆርጥልሃለሁ» አለኝ። ቆረጠም። ባሕር ዛፉን ልጦ አጥሩ ላይ አስደገፈው።

ከዚያ ትኩሳት ጣለው... ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ በእግሩ አልተመለሰም።

የቅሬ ሰዎች (ሌላው አገር እድር የሚለው ነው) የለቅሶ ዳስ ሊጥሉ ሲመጡ አጥሩ ላይ የተላጠ እንጨት አገኙ። በዚያ ሰዓት ማን ማንን ይጠይቃል? በገዛ እንጨቱ የገዛ ለቅሶውን ዳስ ጣሉበት። እኔ ከሥሩ ተቀምጬ ሰው ሲያለቅስ ቋሚዎቹን ብቻ ነበር የማየው።

ሠልስቱ ወጣ። ዳሱን ማፍረስ ሲጀምሩ «እንጨቱን ትምህርት ቤት እወስደዋለሁ» አልኩ።

የቅሬው ዳኛ አያ እንድሪስ ደነገጡ።

«የለቅሶ እንጨት ተማሪ አናት ላይ? ገደ ቢስ ነው ልጄ! ማገዶ ይሁን።»

«ይመር የቆረጠው ለትምህርት ቤት ነው፣ አያ። ለቅሶው ነው የተበደረው።»

አባዬ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ።

አያ እንድሪስ ጎንበስ ብለው የረጅሙን ቋሚ አንድ ጫፍ አነሱ።

«ታዲያ ምን ትገተራለህ? የተበደረ ይመልሳል! ያዝ በዚያ በኩል!»

ለቅሶ የተቀመጠው ሰው እንዳለ እንጨቱን ተሸክሞ መንገድ ጀመረ። የክፍሌ ልጆች ዶማ ይዘው ጠበቁን። ጉድጓዱ ተቆፈረ፣ ማገሩ ታሰረ፣ ሸራው ተወጠረ... ዳሱ ቆመ።

ዛሬ ጠዋት መንገዱን ብቻዬን ሄድኩት። ለካ አንተ ስለምታወራኝ ነው አጭር ይመስለኝ የነበረው።

ግቢው በር ላይ ስደርስ አንዲት ገበያ የሚወጡ እናት በአጥሩ በኩል ዳሱንና ከሥሩ የታጨቀውን ሰው አዩ። ቅርጫታቸውን አስቀምጠው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

«እኔን! ማን ሞቶ ነው ልጄ?»

ስምህ ጉሮሮዬ ላይ መጣ... ዋጥኩት።

«ለቅሶ አይደለም እማማ። ዘጠነኛ ኬ ነው፤ የጠዋት ፈረቃ» አልኳቸው።

ገብቼ ረጅሙን ቋሚህን ተደግፌ ተቀመጥኩ። መምህሩ ገና አልገባም ነበር።

አልረፈደብንም፣ ይመር።