ኳሷ እስክትቀና

ወንድይፍራው ክፉ ሰው አልነበረም። የሚያናድደውም ይሄ ነው።

አረብ አገር፣ ኾበር ከተማ ባለ አንድ የግል ሆስፒታል የሕክምና መሣሪያዎች ጥገና ባለሙያ ነበር። ባልደረባው አብዱሽኩር ደማም ተወልዶ፣ ደማም አግብቶ፣ ልጆቹን ሰይሃት የሚያሳድግ ሰው ነው፤ አገሩን የሚያውቀው በስልክ ነው። አንድ ቀን የራጅ ማሽን ተቃጠለና ጥፋቱ አብዱሽኩር ላይ ተለጠፈ። ወንድይፍራው አብሮት ነበር። ማሽኑን ያነደደው በድንገት የናረ የኤሌክትሪክ ኃይል እንጂ የሰው እጅ እንዳልሆነ በዓይኑ አይቷል። አብዱሽኩር ደግሞ ሥራው ከሄደ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው ይሄዳል፤ ኢቃማው ከሄደ ቤተሰቡ በሙሉ ወደማያውቀው አገር ይሸኛል።

«ግድ የለህም፣ አለቃችንን ኡስታዝ ሰልማንን ቀን አይቼ እነግርልሃለሁ» አለው ወንድይፍራው።

ቀን አይቶ! ስንቱን ቤት ያፈረሰች ቃል ናት። አያቶቻችን የጌታ ደጅ ሲጠኑ አረጁ፤ እኛ ባሕር ስንሻገር ደጁን ተሸክመን መጣን። ዘንድሮ ሣር ለብሶ የጎልፍ ሜዳ ሆነ እንጂ ደጁ ያው ደጅ ነው።

የክፍሉ ኃላፊ ሰልማን ጎልፍ ይወዳል። አንድ ዓርብ ወንድይፍራውን ይዞት ወጣ። ወንድይፍራው በልጅነቱ ለገና ሩር ሲለጋ ያደገ ነውና ዱላ መያዝ አላስፈራውም። መታ። ኳሷ ቀጥ ብላ ተነሣችና መሀል መንገድ ላይ ወደ ግራ ታጥፋ አሸዋ ውስጥ ገባች። ደገመ፤ ያው።

«ግራ እጅህ ዱላው ላይ ከመጠን በላይ ወደ ቀኝ ዞሯል» አለው ሰልማን ሳቁን እየዋጠ። «መልሰው። ጎንበስ ብለህ ስታይ ሁለት የጣት አንጓ ብቻ ይታይህ። ደግሞ ወገብህ ቆሞ እጅህ ብቻውን ይሮጣል፤ አብረው ይዙሩ እንጂ!»

ወንድይፍራው በልቡ ቆረጠ፦ ኳሷ ትቅና፣ ሰውየው ደስ ይበለው፣ ያኔ እናገራለሁ። ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ ሜዳ፣ ማታ ማታ አል ራዋቢ ሰፈር ባለው ቤቱ መስታወት ፊት ሆነ። ሰልማን ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው፤ ስለ ልጆቹ ያወራል፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም ያወራል። ወንድይፍራው አንጓውን ያያል።

ነርሷ ሚስቱ ማኅደር አላስችል አላት።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል። አንተ በጎልፍም ጌታህን ፈርተህ ልታልቅ ነው?»

«ነገር በጊዜው ነው፣ ማሂ። አሁን ባነሣበት ቅር ይለዋል።»

«ቅር ይበለዋ! ሰው ቤቱ ሊፈርስ፣ አንተ የሰልማን ቅሬታ ያሳስብሃል?»

ወንድይፍራው ዱላውን አንሥቶ ወደ መስታወቱ ዞረ።

በመጨረሻ አንድ ዓርብ ማለዳ እጁ ታዘዘለት። ወገቡ ዞረ፣ እጁ ተከተለ፤ ኳሷ ግራም ቀኝም ሳትል ባንዲራው አጠገብ ወደቀች። ሰልማን አጨበጨበ፤ ትከሻውን እየመታ ሳቀ። ያኔ ወንድይፍራው አፉን ከፈተ። የማሽኑን ነገር አንድ ሳያስቀር ተናገረ።

የሰልማን ሳቅ ሄደ።

«በዓይንህ አይተሃል?»

«አይቻለሁ፣ ኡስታዝ።»

«ታዲያ የመጀመሪያው ዓርብ ምነው ዝም አልክ? እዚሁ አብረን አልነበርን?» ዱላውን ሣሩ ላይ ጣለው። «የአብዱሽኩርን የኹሩጅ ወረቀት፣ ከአገር መውጫውን፣ ትናንት ፈረምኩ። ከእኔ በላይ ያሉትም ፈርመዋል፤ በቦታው ሰው ተቀጥሯል። ኸላስ፣ አለቀ።»

ወንድይፍራው በቀጥታ ወደ ሰይሃት ነዳ። በሩን አብዱሽኩር ራሱ ከፈተለት። ወረቀቱ ገና አልደረሰውም።

«ነገርከው?»

«ነገርኩት።»

የአብዱሽኩር ፊት በራ። «አልሐምዱሊላህ! አላህ ይጨምርልህ፣ ወንድሜ። ግባ እንጂ፣ ምን ያቆምሃል? መቼ ነገርከው?»

«ዛሬ» አለ ወንድይፍራው።