ሆዷ እስኪገፋ

የመን፣ አደን ከተማ ውስጥ፣ «በሳቲን» በሚባለው ሰፈራችን ፍየል አስሮ የሚውል ሰው አላየሁም። ጠዋት ይለቀቃሉ፤ ካርቶንና ልጣጭ ሲለቅሙ ውለው ማታ በየበራቸው ይቆማሉ። አውራዎቹም አብረው ስለሚዞሩ የትኛዋ መቼ እንዳረገዘች የሚያውቅ አልነበረም።

የሆድ ትል መድኃኒት የሚያጠጡልን ጎረቤቴ ነበሩ። የወሎ ሴት ናቸው፤ አደን ስገባ ቤታቸው ያስጠጉኝ እሳቸው ናቸው። በዓመት አንድ ቀን ጠርሙሳቸውን ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ ያገኙትን ፍየል ሁሉ ያጠጣሉ። እምቢ የሚላቸው የለም።

አንድ ዓመት ፍየሌ የፊት እግሮቹ የተቆለመሙ ግልገል ወለደች። መቆም አቅቶት ሞተ። በዚያው ሰሞን የሌሎችም እንዲሁ ሆነ።

«ዐይን ነው፣ ወላሂ!» አሉ ጎረቤቴ።

እኔ ደግሞ ነገር ካልገባኝ አርፌ አልቀመጥም። መድኃኒቱን ጠርጥሬ፣ ኮርማክሳር የሚባለው ሰፈር ሄጄ ለእንስሳት ሐኪም ባዶ ጠርሙሱን አሳየሁት።

«ጥሩ መድኃኒት ነው» አለኝ። «ግን ገና እንዳረገዘች ከሰጠሻት፣ ሽሉን እጅ እግር ሲያወጣ ያበላሸዋል። ሆዷ እስኪገፋ ጠብቂ።»

በዓመቱ ጎረቤቴ ሲመጡ፣ «እትዬ፣ የእኔዋ ትቆይ» አልኳቸው፤ ምክንያቱንም ነገርኳቸው።

«በእጄ ገደልኳቸው ማለትሽ ነው? አስተግፊሩላህ!» ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታዬን አልመለሱም።

ፍየሏ ትሉ በርትቶባት ከሳች፣ አጥንቷ ወጣ። ሰፈሩ «በእልኳ ልትገድላት ነው» ይል ጀመር። እውነቴን ነው፣ ፈርቻለሁ። ብትሞት የልጄ ወተትም የእትዬ ፍቅርም አብሮ ሊቀር ነው። ቢሆንም ሆዷ እስኪገፋ ጠበቅሁ፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱን ገዝቼ በገዛ እጄ አጠጣኋት።

አንድ ጠዋት ወለደች። ግልገሏ ሳትደርቅ ተነሣች፣ ወደቀች፣ ደግማ ተነሣች። ልጄን የዳርኩ ያህል እልልታዬን አቀለጥኩት።

እትዬ ሰምተው መጡ። ቁጭ ብለው የግልገሏን እግሮች አንድ በአንድ ዳበሱ።

«ማሻአላህ» አሉ፤ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። «የእኔዋ እኮ ዘንድሮም ቆልማማ ነው የወለደችው።»

እጃቸውን ይዤ አብሬያቸው ተቀመጥኩ።

በሚቀጥለው ዓመት ጠርሙሳቸውን ይዘው በሬን አንኳኩ። ሊያጠጡ መስሎኝ ፍየሏን ስጎትት፣ «ተዪያት፣ ነጠላሽን አድርጊና ነይ» አሉኝ። ሰፈሩን አብረን ዞርን። በየደጁ ስንደርስ ጠርሙሱን ወደ ኋላ ይዘው ይቆማሉ፤ ለባለፍየሏም፣ «ቆዪ፣ ሆዷ መግፋቱን አስቀድማ እሷ ትይልሽ» ይላሉ።

አንገቴን ቀና አድርጌ እገባለሁ።