ላንድሮቨሩ ከሰልፍ የቀረበት ቅዳሜ

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት አለችኝ። እንጀራዬን የማገኘው ከጉርድ ፎቶ፣ ከምርቃትና ከሰርግ ነው። ልቤ ያለው ግን አሮጌ መኪና ላይ ነው። የቆዩ መኪኖች ትርኢት አለ ሲባል ከሰማሁ አዲስ አበባም ቢሆን ሱቄን ቆልፌ፣ ካሜራዬን አንግቼ እሄዳለሁ። መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ መኪና ግን የለኝም። ጓደኞቼ ይህን ስለሚያውቁ «ባለመኪናዋ መጣች» እያሉ ያሾፉብኛል።

አንድ ጊዜ የአውሮፕላን ትርኢትም ሞክሬያለሁ። ቢሾፍቱ ድረስ ሄጄ፣ አንገቴ እስኪጣመም ወደ ላይ ሳንጋጥጥ ውዬ፣ ቤቴ ገብቼ ፎቶዎቹን ስከፍታቸው ሰማይ ላይ ዝንብ ያነሳሁ ነው የሚመስለው። ታላቅ ወንድሜ አንዷን መርጦ፣ «ይህቺኛዋ ዝንብ ግን አምሮባታል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አውሮፕላኑን ትልልቅ ሌንስ ላላቸው ትቼዋለሁ። መኪና ይሻላል፤ ቢያንስ ቆሞ ይጠብቃል።

አንድ አመል አለኝ። መኪና የማነሳው ያለ ሰው ነው። ይህ ደግሞ እኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። የሚያምር መኪና ከቆመ አንዱ መጥቶ ክንዱን ኮፈኑ ላይ ጣል ማድረጉ፣ አንድ እግሩንም ጎማው ላይ መስቀሉ አይቀርም። መነጽር ከሌለው ከጓደኛው ይዋሳል። እኔም «ወንድሜ፣ እስቲ ትንሽ ዞር በልልኝ» እላለሁ። እሱ ዞር ሲል ሌላው ይተካል። በዚያን ሰዓት ፊቴ ደስ እንደማይል አውቃለሁ፤ ለማሻሻልም ብዙ አልደከምኩም። ቴሌግራም ላይ የለጠፍኳቸው መኪኖች ሁሉ ብቻቸውን የቆሙ ናቸው።

ይህን ፍቅር ያስያዘኝ አባቴ ነው፤ በትክክል ለመናገር የአባቴ ላንድሮቨር። አባቴ የሚኖረው አንኮበር፣ ጎረቤላ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። ያን አረንጓዴ ላንድሮቨር ለብዙ ዓመታት ነዳው። መሥሪያ ቤቱ አርጅቷል ብሎ በጨረታ ሲሸጠው ደግሞ ራሱ ገዛው። እናቴ «እኔ ለሱ ሁለተኛ ሚስቱ ነኝ» ትላለች። መኪናው ከኋላ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች አሉት። ልጅ ሆኜ እዚያ ላይ ቁጭ ብዬ፣ የቤንዚንና የረጠበ ጋቢ ሽታ እየሸተተኝ ቁልቁለቱን ስንወርድ፣ ከእኔ በላይ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ችግሩ የአባቴ ግራ ጉልበት ነው። የላንድሮቨሩ ፍሪሲዮን እንደ በቅሎ ግትር ነው፤ አባቴ የሚረግጠው ጥርሱን ነክሶ ነው። ከመኪናው ሲወርድ በሩን ይዞ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ይቆማል፤ ሁላችንም አይተን እንዳላየን እንሆናለን። አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድሜ ግን እንዳላየ መሆን አልቻለም። ያ ጉልበት አንድ ቀን ገደል አፋፍ ላይ እምቢ ቢለውስ እያለ እንቅልፍ ያጣል። በመጨረሻ ገዢ አገኘ፤ አሮጌ መኪና የሚሰበስብ፣ ላንድሮቨሩንም እኔ ከለጠፍኳቸው ፎቶዎች መሃል ያየ፣ ጨዋ ሰው። አባቴ ነገሩን ሰምቶ ጥቂት ቀን መኪናውን ሲዞረው ሰነበተ። ከዚያ፣ «እሺ፣ ይውሰደው። ግን መጀመሪያ አንድ ቀን ከእኩዮቹ ጋር ይሰለፍ» አለ።

እንዳጋጣሚ ሆኖ የአዲስ አበባ የአሮጌ መኪና ባለቤቶች ወደ እኛ ሊመጡ ቀን ቆርጠው ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ደብረ ብርሃን አንድ ሜዳ ላይ ይሰለፋሉ፤ ከሰዓት በኋላ ተከታትለው ወደ ጣርማ በር ይወጣሉ። ገዢውም አብሯቸው ይመጣል። አሮጌ መኪኖች መብራታቸውን አብርተው አንድ በአንድ ከጣርማ በር ዋሻ ወደ ጉሙ ሲወጡ ማንሳት የስንት ጊዜ ምኞቴ ነው። እዚያ ሄዶ ኮፈን የሚደገፍ ሰው አይኖርም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ላንድሮቨሩ እንዲሸጥ አልፈለግሁም። የሚያመው ጉልበት የእኔ ስላልሆነ ግን አፌን ያዝኩ።

አርብ ዕለት አንኮበር ሄጄ ከአባቴ ጋር መኪናውን አጠብነው። በኦሞ አጥበን፣ በጨርቅ አድርቀን፣ ውስጡን ጠረግን፤ እናቴ የወለሉን የተበጣጠሰ ምንጣፍ አውጥታ ከአልጋዋ ሥር አዲስ አመጣችለት። «ቢሄድም እንኳ ተቀዳዶ አይሂድ» አለች። አባቴ መስተዋቱን ደጋግሞ ወለወለ። ልሰናበተው ስል፣ «አባዬ፣ ነገ መንገድ ላይ ማንንም እንዳትጭን። ንጹሕ ሆኖ በሰዓቱ ይድረስ» አልኩት።

«እሺ፣ እሺ» አለ። አባቴ እሺን ሁለቴ ካለ አልሰማም ማለት ነው፤ እኔ ግን የሚኒባሱ ረዳት እየተጣራ ስለነበር ልብ አላልኩም።

በእኛ መንገድ ባዶ ቦታ ያለው መኪና እግረኛን ጥሎ አያልፍም። የሚያልፍ አለ፤ ግን ማን እንዳለፈ በማግስቱ አገሩ ሁሉ ይሰማል። በተለይ ቅዳሜ፣ የደብረ ብርሃን ገበያ ቀን፣ የአባቴን ላንድሮቨር ድምፅ ለይተው የሚያውቁ ሰዎች ከነሸክማቸው መንገድ ዳር ይጠብቁታል። አባቴም ቆሞ ያልጫነበትን ቀን አላስታውስም። ሒሳብ አይቀበልም፤ ምርቃት ግን አይመልስም።

ቅዳሜ ጠዋት ነፋሱ ፊት ይልጥ ነበር። መኪኖቹ ግን ሰዓታቸውን ጠብቀው መጡ። ቢጫና ሰማያዊ ቮልሶች፣ እንደ ሣጥን የምታምር ነጭ ሴይቼንቶ፣ አንድ ረጅም ፔጆ፣ ባለቤቱ ሰው እንዳይነካበት በዓይኑ የሚጠብቀው ጥቁር መርቼዲስ። የአዲስ አበባ ሰዎች በስስ ጃኬት መጥተው ኖሮ ይንቀጠቀጣሉ። አንዱ ከአቅራቢያው ሱቅ ብርድ ልብስ ገዝቶ መጣ። እኔ ለራሱ የገዛው መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን አውጥቶ የቮልሱን ሞተር ሸፈነበት። እንዲህ ዓይነት ሰዎችን እወዳለሁ።

በሰልፉ መሃል ለላንድሮቨሩ ቦታ ተትቶ ነበር። እኔ «ዞር በልልኝ» እያልኩ ሳነሳ፣ ወንድሜ ከዚያች ባዶ ቦታ አጠገብ ቆሞ ስልክ ይደውላል። አባቴ ሲነዳ ስልክ አያነሳም። ገዢው በትሕትና፣ «ግድ የለም፣ ይመጣሉ» ይላል፤ ወንድሜ ግን ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። እኔም ቀስ በቀስ ልቤ ከካሜራዬ ወጥቶ ወደ አንኮበር መንገድ ሄደ። ያ ጉልበት አሁን እምቢ ብሎት ቢሆንስ?

ሰዎች ሻይ ጠጥተው ሲመለሱ ከመንገዱ በኩል የማውቀው የሞተር ድምፅ መጣ። ላንድሮቨሩ እስከ መስኮቱ ጭቃ ለብሷል። ጣራው ላይ ፖርቶመጋላው በጆንያ ተሞልቷል። ውስጡ ሰው ነው፤ በሰው መሃል ደግሞ አንድ በግ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሜዳውን ያያል። አባቴ ምንም እንዳልተፈጠረ በተተወለት ቦታ፣ በመርቼዲሱና በፔጆው መሃል፣ ገብቶ ቆመ። የኋላው በር ሲከፈት በመጀመሪያ በጉ ዘለለ፤ ባለበጉ ገመዱን ይዞ ተከተለው። ጃንጥላ የያዙ ቄስ ወረዱ። ከአልዩ አምባ ዳገቱን ወጥተው የመጡ ነጋዴ እናት ጆንያቸውን እያስወረዱ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ሕፃን ያዘለች ወጣት ሴትም ወረደች። ሜዳው በሳቅ ሞላ። እኔም ሳላስበው ካሜራዬን አንስቼ ሁሉንም አነሳኋቸው። ማንንም ዞር በል አላልኩም።

አባቴ በሩን ይዞ ቆሞ ነበር። ሁሉም ከመሄዳቸው በፊት ወደ እሱ እየመጡ አንድ ነገር ጠየቁት፤ ስንት ሰዓት ነው የምንመለሰው? ለሁሉም «ዘጠኝ ሰዓት፣ እዚሁ» አላቸው።

ወንድሜ በሃፍረት ገዢውን ይቅርታ ሊጠይቅ ጀመረ። ሰውየው ግን ዓይኑ በርቷል። ጭቃውን እንደ ጌጥ ነው ያየው።

«አባባ፣ መኪናው ከፎቶው ይበልጣል» አለው አባቴን። «ከፈቀዱልኝ ከሰልፉ ጋር እኔው ጣርማ በር ልንዳው፤ በዚያው ወደ አዲስ አበባ እወስደዋለሁ።»

«ዛሬማ አይሆንም ልጄ። ሰዎቼን ቀጥሬያቸዋለሁ።»

«ሚኒባስ ይዤላቸው ይሄዳሉ።»

«ሚኒባሱ ጎረቤላ ያወርዳቸዋል። እኚያ እናት ከዚያ ወዲያ ከነጆንያቸው ቁልቁለቱን በምን ይወርዳሉ?»

«እንግዲያው ነገ ልምጣ።»

«ነገ እሁድ ነው። አባን ከቅዳሴ በኋላ ክርስትና የሚነሳበት ቤት አደርስዎታለሁ ብያቸዋለሁ።»

«ሰኞስ?»

«ሰኞ ያቺ ልጅ ሕፃኗን ጤና ጣቢያ…» ብሎ ጀመረና አቋረጠው። የራሱን ነገር ራሱ የሰማው ገና ያኔ ይመስለኛል። ገዢውን ቀና ብሎ አየውና፣ «እኔኮ ልሸጥልህ ነበር የመጣሁት፤ እውነቴን ነው። ግን መቼ ብዬ ልስጥህ?» አለው።

ወንድሜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጉልበትህስ አባዬ? ፍሪሲዮኑን ማን ይረግጥልሃል?» አለ። የአባቴ እጅ ሳያውቀው ግራ ጉልበቱን ያሽ ነበር።

በዚያው ሰዓት ሾፌሮቹ ለከሰዓቱ የጣርማ በር ጉዞ ሞተራቸውን እየፈተሹ ነበር። ወደ ላይ ሳይ ጉሙ ተራራው ላይ ተኝቷል፤ ከምኞቴም በላይ የሆነ ጉም። አንዱ ባለቮልስ «ነይ፣ ቦታ ይዤልሻለሁ» ብሎ በእጁ ጠራኝ።

«እኔ እረግጥለታለሁ» አልኩ።

ወንድሜ ዞር ብሎ አየኝ። «አንቺ ዛሬ ጣርማ በር አይደለሽ እንዴ?»

«ዋሻው የትም አይሄድም» አልኩት። ዓይኔ ጉሙ ላይ እንደቀረ ነው ያልኩት፤ ግን ነገሩ ከአፌ ከወጣ በኋላ ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ። ወንድሜም፣ «ፍሪሲዮኑን ግን እኔ አሠራዋለሁ። በዚህ ዓይነቱ ያንቺም ጉልበት አይቆይም» አለ። ገዢውም ሽያጩ መቅረቱ ቅር ቢለው አላሳየንም፤ ከላንድሮቨሩና ከአባቴ ጋር አንድ ፎቶ ብቻ ጠየቀ። ሁለቱን አቁሜ በሌንሱ ሳያቸው ራቅ ራቅ ብለው እንደ እንግዳ ቆመዋል። «ጠጋ በሉ እንጂ» አልኳቸው። «አባዬ፣ እጅህን ኮፈኑ ላይ አድርግ።» ወንድሜ ይህን ሲሰማ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ተሰበሰቡ። በጉ ተሽጧል፤ በምትኩ አንድ ጆንያ ጨው ገብቷል። መሪው ላይ እኔን ሲያዩ እርስ በርስ ተያዩ። ነጋዴዋ እናት ብቻ፣ «ቢስሚላህ በይና ንጂ ልጄ» አሉኝ። ሞተሩ ሁለቴ ጠፋብኝ። ቄሱ ጃንጥላቸውን ጭብጥ አድርገው ያዙ። አባቴ ከጎኔ ካሜራዬን ታቅፎ፣ «ቀስ ብለሽ ልቀቂው፣ ቀስ» ይለኛል። የአሮጌዎቹ መኪኖች ሰልፍ ክላክስ እያሰማ ወደ ጣርማ በር ሲያልፍ እኔ በሌላኛው አቅጣጫ፣ ማርሽ እያንኳኳሁ፣ ወደ አንኮበር ታጠፍኩ።

መንገድ ላይ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች አገኘን። ቦታ አልነበረንም። አባቴ «ቁሚ» አለኝ፤ ቆምኩ፤ ከኋላ ተጠጋጉ፤ ገቡ። እንዲህ እያልን ጎረቤላ ደረስን። ስወርድ እኔም እንደ አባቴ በሩን ይዤ ቆምኩ። ቄሱ ጃንጥላቸውን ካስተካከሉ በኋላ እንደ ልማዳቸው ወደ አባቴ ዞረው፣ «የሚመጣው ቅዳሜስ በስንት ሰዓት ነው?» አሉት።

አባቴ ካሜራውን እንደታቀፈ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። «እኔን ምን ይጠይቁኛል አባ? ባለመኪናዋ እሷ ናት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«አንድ ሰዓት ላይ መንገድ ዳር ጠብቁኝ» አልኳቸው።