ሰኞ ሰኞ የሚያፍነኝ

መጀመሪያ የተሰማኝ ሰኞ ቀን ነው። ከምሳ በኋላ፣ ጥጥ የሚነድፈው ማሽን አጠገብ ቆሜ። አንድ ሰው ደረቴን በመቀነት ጥፍር አድርጎ ያሰረኝ መሰለኝ። አላተኮሰኝም፣ አላላበኝም። አየሩ ይገባል፣ አይወጣም። ቤቴ ስደርስ ደረቅ ሳል አሳለኝ። ማክሰኞ ቀለለኝ፣ ረቡዕ ጭራሽ ረሳሁት። ያን መርሳቴ ነው ዛሬም የሚቆጨኝ። ስለዚህ እናንተም ደረታችሁን የሚይዛችሁ ሰዎች፣ የልጅ ልጄ ሰናይት የምትጽፍላችሁን ስሙ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ያየሁትን ግን አውቀዋለሁ።

ያኔ በንጉሡ ጊዜ ነው፣ አቃቂ ፋብሪካ በፋብሪካ በሆነበት። እኔ ክር ከሚፈተልበት አንዱ ቤት ነበርኩ። ሰናይት ስሙን ልትጽፍ ስትል ተይው ብያታለሁ፤ የብዙ ሰው ልጅ ያሳደገ ቤት ነው፣ የኔንም። ፀጉሬ ያኔም ሸብቷል። ባሌ ከሞተ ቆይቷል፣ የምኖረው ከልጄ ከታደሰ ጋር ነው፣ ከሰናይት አባት ጋር።

እና አንድ ነገር ነበረኝ። ተራራ።

ቅዳሜ በግማሽ ቀን ስንለቀቅ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ በእግሬ ወደ የረር እሄዳለሁ። የተወለድኩት የረር ሥር ነው፤ እህቴ ጫልቱ እዚያው አባታችን ቤት ቀርታለች። እሷ ዘንድ አድሬ እሁድ በጠዋት አብረን እንወጣለን። አናቱ ላይ ቁጭ ብለን የያዝነውን ቆሎ እንበላለን፣ እንወርዳለን፣ ሲመሽ አቃቂ ነኝ። እንጨት አልለቅምም። ስለት የለብኝም። ሰው የማይገባው ይሄ ነው። "ታዲያ ምን ልትሠሪ ነው የምትወጪው?" ይሉኛል። ልወጣ ነው የምወጣው።

በኅዳር ከላይ ሆናችሁ ስታዩት እርሻው ግማሹ ታጭዶ ግማሹ ቆሞ የተጣፈ ልብስ ይመስላል። በየካቲት ሣሩ ይደርቅና ጫማ ያንሸራትታል፤ ሰው ጭቃ ይፈራል እንጂ የወጣ ሰው ደረቅ ሣር ነው የሚፈራው። በሐምሌ ጉሙ ሲወርድ ከፊቴ ያለችው ጫልቱ ትጠፋለች። "ኮቱ" ትላለች ከውስጡ፣ ነይ ማለቷ ነው። ድምጿን ይዤ እሄዳለሁ።

በሚቀጥለው ሰኞ ደረቴ ታሰረ። በሚቀጥለውም። ሰዉ ሁሉ ነገሩን ገጣጠመው፤ እሁድ ተራራ፣ ሰኞ በሽታ። እኔም አመንኩ። የፋብሪካው ክሊኒክ ድሬሰር ሽሮፕ ሰጠኝና "እማማ፣ በዚህ ዕድሜ ተራራ? ልብዎ ነው" አለኝ። ጎረቤቶቼ ንፋስ መታት አሉ። ካቦው ደግሞ፣ የክፍላችን አለቃ፣ ሰኞ ሰኞ ስስል ባየኝ ቁጥር "እማማ ብዙነሽ፣ ትናንትም ከዝንጀሮዎቹ ጋር ዋሉ?" ይላል። ሴቶቹ ይስቃሉ። ስቄያለሁ እኔም።

ታደሰ ሸራ ጫማዬን ደበቀው። "እማዬ፣ እኔ እናት ነው የምፈልገው። ተራራው ይቅርብሽ" አለኝ። ፋሲካን እህቴ ዘንድ ውዬ ከተመለስኩ በኋላ ነው ይሄ። ተውኩት። ክረምቱን ሙሉ እሁድ እሁድ በሬ ላይ ተቀምጬ የረርን በሩቁ አየዋለሁ።

ሰኞ መጣ። ታመምኩ።

እሁድን ቤቴ ውዬ ነው የታመምኩት። ለታደሰ ነገርኩት። "ያኔ የጎዳሽ ነው፣ ቀስ እያለ ይለቅሻል" አለ። አልለቀቀኝም። ማክሰኞን ጨመረ። ቀጥሎ ረቡዕን። ከሰል እፍ ማለት አቃተኝ። ዳገት አይደለም፣ ደጃፌ ያለችው ደረጃ አቃተችኝ። ተቀምጬ መተኛት ጀመርኩ። የሳምባ ነቀርሳ ነው ተባለ። ማኅበር ላይ ብርጭቆዬን ለብቻው አስቀመጡት። ማንም ምንም አላለኝም። ብርጭቆው ለብቻው ነበር።

በጥቅምት ታደሰ ደግፎ አውቶቡስ አሳፈረኝና ከተማ ሆስፒታል ወሰደኝ። ራጅ አነሱኝ። አክታዬን ሦስት ጠዋት ተቀበሉ። ነቀርሳ የለም። ልቤም ደህና ነው። ሐኪሙ ሸምገል ያለ ፈረንጅ ነው፤ አንዲት ነርስ ትተረጉምለታለች። ጀርባዬን ብዙ ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀኝ።

"በየትኛው ቀን ነው የሚብስብዎ?"

"ሰኞ።"

መጻፉን አቆመ። "ሥራዎ ምንድነው?"

"ጥጥ።"

"ተራራ ሲወጡስ ያፍንዎታል?"

"ይደክመኛል። አያፍነኝም ነበር።"

"ሥራ ያልገቡበት ሰኞ አለ?"

አሰብኩ። ፋሲካ ነው፤ ፋብሪካው ሳምንቱን ተዘግቶ ነበር።

"ያን ሰኞ እንዴት ነበሩ?"

ያን ሰኞ ደህና ነበርኩ። ያን ሰኞ ተራራው አናት ላይ ነበርኩ።

"ተራራው አይደለም፣ እናቴ" አለች ነርሷ፣ የሱን ቃል ተቀብላ። "ጥጡ ነው።" ስሙ ቢሲኖሲስ ነው። ሰናይት ሁለት ጊዜ ነው ያስደገመችኝ። የጥጡ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ መተንፈሻውን ያጠበዋል። እሁድ ደረት ያርፋል፣ ሰኞ ከብናኙ ጋር እንደ አዲስ ይገናኛል፣ ያኔ ይጨመደዳል። "አሁን ከብናኙ ከወጡ ይሻልዎታል። ከቆዩ ግን አይመለስም" አለ። ተራራውስ አልኩት። "ሲሻልዎ ቀስ ብለው ይውጡ። ማን ከለከለዎ?" ዞሬ ታደሰን አየሁት። መሬት መሬቱን ያያል።

የሐኪሙን ወረቀት ይዤ ካቦው ጋ ሄድኩ። ጨርቅ ማጣጠፊያ ክፍል ቀይረኝ አልኩት፣ እዚያ ብናኝ የለም። አንብቦ ሳቀ። "ተራራ የሚወጣ ሰው ታመመ ተብሎ ይቀየራል? አንዱን ይምረጡ፣ እማማ። ወይ በሽተኛ ነዎት፣ ወይ ተራራ ይወጣሉ።"

ተራራውን ትቻለሁ ብለው ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር። ታደሰም እንደዚያ በይ ብሎኝ ነበር። አላልኩም። "ሁለቱንም ነኝ" አልኩት። "እሁድ ከኔ ጋር ና፣ እዚያ ስተነፍስ ስማኝ። ሰኞ ደግሞ እዚሁ ማሽኑ ጋ ስማኝ።"

ከዚያ ሦስት ሰኞ ከሥራ ስወጣ ካቦው ቢሮ በር ላይ እየሄድኩ ቆምኩ። አልለመንኩትም። ቆሜ እተነፍሳለሁ። ደረቴ ሲር ሲር ይላል፣ ይሰማዋል። በሦስተኛው ሰኞ በሩን ዘጋና ድምጹን ዝቅ አድርጎ፣ "ሐኪሙ ስለ ሰኞ ያለዎትን እስቲ ይድገሙልኝ" አለኝ። ደገምኩለት። ሳል ያዘው፣ ያ ደረቁ፣ የማውቀው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩት።

"ክረምቱን ሙሉ።"

በዚያው ሳምንት ጨርቅ ማጣጠፊያ ገባሁ። እሱም ሐኪሙ ዘንድ ሄደ። ከዝንጀሮዎቹ ጋር ዋሉ ያለኝን ግን እስካሁን አልረሳሁለትም።

ደረቴ በአንድ ቀን አልተመለሰም፤ መጀመሪያ ረቡዕ ለቀቀኝ፣ ቀጥሎ ማክሰኞ፣ ሰኞ ግን እስከ ጥምቀት ድረስ እንደ ክፉ ጎረቤት እየመጣ ያንኳኳ ነበር። በየካቲት ታደሰ ሳልጠይቀው ጫማዬን አውጥቶ በሩ ላይ አስቀመጠልኝ፣ እኔም አጥልቄው ሄድኩ። ያን ቀን እስከ መጀመሪያዎቹ ዛፎች ብቻ ደረስኩ። ጫልቱ "ተራራው አይሄድም፣ አንቺ አሮጊት" ብላ አስቀመጠችኝ። ከዚያ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ከፍ እያልኩ፣ በክረምት ጉም ውስጥ በድምጿ እየተመራሁ፣ በዓመቱ በኅዳር አናቱ ላይ ተቀምጬ ያን የተጣፈ ልብስ የመሰለ እርሻ አየሁት። ሙሉ በሙሉ ድኛለሁ አልልም፤ ብርድ ሲጠና ዛሬም ሲር ይላል።

ስሙን መጥራት ያቃተኝን ሐኪም እግዜር ይስጠው። ነርሷን፣ ጫልቱን፣ ደግፎ ያሳፈረኝን ታደሰንም።

እናንተም ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ በየትኛው ቀን እንደሚብሳችሁና ሥራችሁ ምን እንደሆነ ሳትጠየቁ ተናገሩ። የማንም ደረት እንደኔ ነው አልልም፤ ሂዱና ያዳምጧችሁ። ግን የምትወዱትን ነገር መጀመሪያ አትክሰሱ። ሰው ሁሉ እሱን ተዉ ይላችኋል፣ ማስተዉ ቀላል ነውና። የሚያፍናችሁን ፈልጉ።

ሰናይት፣ ይበቃል። ነገ ቅዳሜ ነው። አባትሽ ሰሞኑን አርጅተሻል እያለ ጫማዬን እንደገና ደብቆታል። የት እንዳደረገው ታውቂያለሽ፣ አምጪው።