የተቀያየሩት ክዳኖች

መጋቢት 14 ቀን፣ ሐሙስ። በዚያ ዕለት በታረመው ካርድ ላይ የተክሉ ስም በአንድ ቀጭን መስመር ተሰርዞ ከላዩ ሌላ ስም ሰፍሯል። «ውጤት» የሚለው ቦታ ግን ባዶ ነው። የፋርማሲ ትምህርት ቤቱ የዕፅዋት ክፍል ጠባቂ ካርዱን ሳይጨርሱት በሳምንቱ አረፉ።

ተማሪዎቹ «ጋሽ መለያ» ይሏቸው ነበር። መለያ ወረቀት ያልለጠፉበት ዕቃ አልነበረማ! የቤታቸው የጨው ዕቃ እንኳ አልቀረለትም።

«ጨው መሆኑን ቀምሼ የማላውቅ መሰለህ?» ይሉ ነበር ባለቤታቸው። «እንግዲያው በእኔም ግንባር ላይ ‹ሚስት› ብለህ ለጥፍ፤ እንዳትሳሳት!»

በክፍሉ መደርደሪያ ላይ እንቅልፍ ያጣ ሰው በየአገሩ የሚያፈላቸው ተክሎች ተደርድረው ነበር። ሜክሲኮዎች የሚጠጡት የካዝሚር ቅጠል፣ አውሮፓውያን የሚያፈሉት የሊንደን አበባ፣ ቻይናውያን ቆልተው የሚቀቅሉት የዱር ፍሬ ዘር፤ ይህ የቁርቁራ ዘመድ ነው። ጋሽ መለያ ግን በሰው ወሬ «ያስተኛል» ብለው ጽፈው አያውቁም። «ያስተኛል ይባላል» ብለው ያልፉታል።

ባለቤታቸው እህታቸውን ከቀበሩ ወዲህ እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞር አለ። የልብ መድኃኒት ስለሚወስዱ አስቀድመው ሐኪማቸውን ጠየቁ። ሐኪሙ ከዱር ፍሬው ዘር ጥቂት ፈቀደና፣ «እማማ፣ የሚጠጡትን ሁሉ ይንገሩኝ፤ አንዲት ነገር እንዳይደብቁኝ» አለ።

ጋሽ መለያም ከክፍላቸው ብልቃጥ የተፈጨውን ወስደው ማታ አፈሉላቸው። በማግስቱ ባለቤታቸው የተነሡት ረፋድ ላይ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ምን አቀመስከኝ? ድብን ብዬ ተኛሁ እኮ!» አሉ። እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ቀን ሆነ። ጋሽ መለያም በየጠዋቱ ጫማቸውን ሲያስሩ «ተመስገን» ሳይሉ ከቤት አይወጡም ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ክፍላቸው ገብተው ብልቃጡን ሲከፍቱ፣ አፍንጫቸውን ዘግቶት የሰነበተው ጉንፋን ለቋቸው ነበርና ጣፋጭ ሽታ አወዳቸው። «መለያ የሚለጠፈው በብልቃጡ ሆድ እንጂ በክዳኑ አይደለም» እያሉ ሲያስተምሩ የኖሩት ሰው፣ የታጠቡ ሁለት ብልቃጦች እስኪደርቁ ብለው መለያውን ክዳን ላይ ለጥፈው ኖሯል። ክዳኖቹም ተቀያይረዋል። ባለቤታቸው ሲጠጡት የሰነበቱት፣ ተማሪዎች ማድረቅና መፍጨት የተለማመዱበት የፖም ልጣጭ ነበር።

ጋሽ መለያ ብልቃጡን መልሰው ከደኑት። ቢናገሩ ከስንት ጭንቅ በኋላ የመጣውን እንቅልፍ ማባረር ነው። ዝም ቢሉ ደግሞ ሐኪሙ ባለቤታቸው ያልጠጡትን ጠጥተዋል ብሎ የልብ መድኃኒት ሊያዝላቸው ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ቤት ሄደው እውነቱን ተናገሩ።

ባለቤታቸው ሳቁ፤ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«ያን ሁሉ ዓመት ተምረህ በፖም ልጣጭ አስተኛኸኝ?»

«ይቅር በይኝ።»

«ምኑን ነው ይቅር የምልህ? እህቴ ከሞተች ወዲህ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ‹ይፋጃል፣ ቀስ በይ› ያለኝ ማን ነው? ብትደብቀኝ ነበር የምቀየምህ። በል፣ ዛሬም አፍላልኝ።»

አፈሉላቸው። ባለቤታቸውም ተኙ። ሐኪሙም ነገሩን ሲሰማ ሳቀና «ፖሙ ይቀጥል» አለ።

ጋሽ መለያ የዱር ፍሬውን ስም ሰርዘው «የፖም ልጣጭ» ብለው ካርዱን ያረሙት ያን ጊዜ ነው። «ያስተኛል» እንዳይሉ ማስረጃ የላቸውም፤ «አያስተኛም» እንዳይሉ ሚስታቸው ተኝተዋል። ብዕራቸውን ከድነው የውጤቱን ቦታ ባዶ ተዉት።

ረቡዕ፣ ሊያርፉ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ከሥራ ሲመለሱ ገበያ ጎራ ብለው ሁለት ኪሎ ቀይ ፖም ገዙ። ቤት ገብተው አጠቡት፣ ላጡት፣ ፍሬውን ለባለቤታቸው ቆራርጠው ሰጡና ልጣጩን መስኮቱ ሥር በወንፊት ላይ አሰጡት።