እጄ እምቢ ብሎኝ ነው

እናቴ እንቅርቷን በኦፕራሲዮን አስወጥታ አሶሳ አጠገብ ወዳለው የሰፈራ መንደራችን እንደተመለሰች ከንፈሯና ጣቶቿ ይደነዝዟት ጀመር። «ጉንዳን የሚሄድብኝ ይመስለኛል» ትል ነበር። አንገቷን የቀደዱት ሐኪሞች እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል አላሏትም። «ድነሻል፣ ሂጂ» ብቻ!

በዚያው ሳምንት ስብሰባ ተጠራ። ያኔ በደርግ ጊዜ ስብሰባ ያለ መፈክር አይከፈትም፤ ሁሉም ግራ እጁን ጨብጦ ያነሳል። እናቴም አነሳች። ጣቶቿ ግን ድንገት ተገትረው ጫፍ ለጫፍ ተጋጠሙ፤ ጉርሻ የያዘች ትመስል ነበር። ከወሎ አብረውን የመጡት ሴቶች ሳቁ። መንደሩን የሚያስተዳድረው ካድሬ ግን አልሳቀም።

«አንቺ! በአብዮቱ ላይ ታሾፊያለሽ?»

«ኧረ የኔ ጌታ፣ እጄ እምቢ ብሎኝ ነው!»

አሻጥር ነው አለ። በማግስቱ አሶሳ ሐኪም ቤት ልወስዳት ፈቃድ ብጠይቀው ከለከለኝ። ያለ ፈቃድ ከመንደር የወጣ ደግሞ ኮብላይ ይባላል። ከአገሯ ነቅለው ያመጧት እነሱ፣ ኮብላይ የምትባለው እሷ! ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ከሰዓት በኋላ ጉሮሮዋን ያንቃት ጀመር። ማንጎ በአህያ ጭኖ በደጃችን የሚያልፍ አንድ የአገሬው የበርታ ገበሬ ጩኸቴን ሰምቶ ገባ። አንዴ አያትና ማንጎውን ከአህያው ላይ አራገፈ።

«ፈቃድ እኮ የለንም» አልኩት።

«እኔ ፈቃድ አላውቅም። አህያ አለ።»

አሶሳ ሐኪሙ የአንገቷን ጠባሳ ሲያይ ወዲያው ገባው። እንቅርቱ ሲወጣ ከጀርባው ያሉ ጥቃቅን እጢዎች ተነክተው ደሟ ውስጥ ካልሲየም አንሷል አለን። መድኃኒቱን በደም ሥሯ ቀስ እያለ ሲሰጣት ጣቶቿ ዓይኔ እያየ ተፈቱ። ከዚያ ወዲያ ግን ኪኒን ሳታቋርጥ መዋጥ፣ ለዚያም አሶሳ መመላለስ ነበረባት።

ለመመላለስ የካድሬው ፈቃድ ያስፈልጋል። እናቴ ይህን ብላ በሚቀጥለው ስብሰባ ተነስታ ግለ ሂስ አደረገች። በአብዮቱ ላይ አሹፌአለሁ፣ ያላመመኝን አሞኛል ብያለሁ፣ ኮብልያለሁ አለች። በሕመሟ ይቅርታ ጠየቀች! ሰውም አጨበጨበ። ስብሰባው ሲበተን ካድሬው ዘንድ አብረን ሄደን፣ ኪኒኗን ታመጣ ዘንድ ፈቃድ ለመንነው።

«አላመመኝም ብለሽ የለም እንዴ?» አላት። «ታዲያ ኪኒኑ ለምንሽ ነው?»

በማግስቱ በበርታው ገበሬ አህያ አሶሳ ሄደን ኪኒኗን አመጣን። ከዚያን ቀን ወዲያ ፈቃድ ጠይቀን አናውቅም።