ለቅሶ ቤት ያደረግነው ድረ ገጽ

ጎንደር አራዳ ላይ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ከዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ጋር ድረ ገጽ የምንሠራበት ድርጅት ነበረን። በሩ ላይ «እንደ ቤተሰብ እናገለግላለን» የሚለውን የለጠፈው እሱ ነው። እኔን ቢጠይቀኝ «ለአጭር ጉዳይ ብቻ ይግቡ» ብዬ እጽፍ ነበር። ጓደኛዬ ጥርሱ የማይከደን፣ ለጠየቁት ሁሉ «ችግር የለም» የሚል ሰው ነው። መብራት ሲጠፋ ችግር የለም። ኔትወርክ ሲቋረጥ ችግር የለም። ደንበኛው የተስማማበትን ነገር እንደገና አፍርሱልኝ ሲል፣ አሁንም ችግር የለም። እንደዚያች ቃል የጠላሁት ነገር አልነበረም።

ደንበኞቻችንንም አልወደድኳቸውም። በዚያ ዘመን ጎንደር ላይ ድረ ገጽ የሚያሠራ ሰው የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የራሱን ፎቶ። የሆቴሉ አልጋ ይቅር፣ ምግቡ ይቅር፣ የነገሥታቱ ግንብም ይቅር፤ እሱ በከረባት ታንቆ፣ ከትልቅ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጦ፣ ስልክ የሚያነጋግር መስሎ መታየት አለበት። አንድ የመኪና ጎማ ነጋዴ ፎቶዬ ከጎማዎቹ አነሰ ብሎ ተቀይሞን ነበር። ጓደኛዬ ይቅርታ ጠይቆ አሳደገለት። ጎማዎቹ ቦታ ጠፍቷቸው ከገጹ ወጡ። ሰውዬው በጣም ረካ።

ከዚያ ሁሉ ሥራ ወድጄ የሠራሁት አንድ ብቻ ነው። ድብ ባሕር ላይ አንድ ሽማግሌ ከሴት ልጃቸው ጋር ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ነበራቸው። የስሜንን ተራራ ጨርሰው የሚወርዱ ፈረንጆች ያርፉበት ነበር። ሽማግሌው «ተይኝ ልጄ፣ ፎቶ አልነሳም» ብለው አስቸገሩኝ። እኔም በር ላይ ቆመው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው እንግዳ ሲቀበሉ ሳያዩኝ አነሳኋቸው። ፎቶውን የድረ ገጹ ፊት ላይ አወጣሁት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው «እኚህን አባት ማየት እንፈልጋለን» እያለ ይጽፍ ጀመር። ኢሜይሉ ወደ እኛ ይመጣል፤ ለልጅቱ በስልክ አነብላታለሁ፤ የምትለውን እመልስላታለሁ። አልጋ የምታነጥፈውም፣ የምታበስለውም፣ ቤቱን ቤት ያደረገችውም እሷ ናት።

ኅዳር ላይ ሽማግሌው አረፉ። ታላቅ ወንድሟ፣ ዛሪማ ላይ እህል የሚነግድ ሰው፣ ለቀብር መጥቶ ባለቤት ሆነ። ለቅሶው ሳይበርድ በሽማግሌዎች ፊት ቁርጡን ነገራት። እስከ ዐቢይ ጾም ቤቱ እንግዳ ካላጣ ትቀጥልበት፤ ባዶውን ከዋለ ግን የእህል መጋዘን ይሆናል። ልጅቱ ከዚያ ቤት ሌላ መኖሪያም መተዳደሪያም አልነበራትም።

በሳምንቱ ወንድምየው ቢሯችን ድረስ መጣ። ከቦርሳው የአባቱን የመታወቂያ ፎቶ አወጣ፤ ሽማግሌው ፍርድ ቤት የቆሙ መስለው የተነሡት ነው።

«በሩ ላይ ያለውን አንሡና ይችን አውጡልኝ። ጥቁር ክፈፍ ይኑራት። ነፍስ ይማር ተብሎ በእንግሊዝኛም ይጻፍ» አለ።

«እንግዶቹ ቤቱ የተዘጋ ይመስላቸዋል» አልኩት።

«ምነው እቴ? ለቅሶ ቤት ሰው ይመጣል እንጂ ይሸሻል እንዴ!»

ጓደኛዬ ወንበር እየሳበለት «ችግር የለም አያ፣ ዛሬውኑ ይወጣል» አለ። ወጣም።

ሰውዬው የተናገረው ለእኛ አገር እውነት ነው። እኛ ዘንድ ሞት ሲሰማ ድንኳን ይጣላል፣ አገር ይጎርፋል፣ የቀረ ይታማል። ፈረንጅ ግን ሐዘንተኛ እንዳላስቸግር ብሎ የሚርቅ ፍጡር ነው። ጥቁሩ ክፈፍ ከወጣ በኋላ መልእክቱ ይጎርፍ ጀመር። «በሐዘናችሁ ከልብ አዝነናል። በዚህ ጊዜ ልናስቸግራችሁ ስለማንፈልግ ሌላ ማረፊያ ይዘናል።» አንዱ ከሽማግሌው ጋር ሻይ መጠጣቱን አስታውሶ ረጅም ጽፎ ነበር፤ እሱም ቀረ። ልጅቱ «ክፍት ነን፣ ኑልን በያቸው» ትለኛለች፤ እጽፋለሁ። እነሱም ብርታቷን አድንቀው ይቀራሉ።

ወንድምየው ግን ፈነደቀ። የመልእክቶቹን የሐዘን ቃል ጓደኛዬ እንዲተረጉምለት አደረገና ለአርባው ተዝካር ድብ ባሕር ጠራን። ጠላው መሐል ተነሥቶ አንድ በአንድ አነበባቸው። «ይኸ ከጀርመን ነው! ይኸ ከሆላንድ! አባታችንን ዓለም አለቀሰለት!» ዳሱ ሙሉ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እያንዳንዱ መልእክት የቀረ እንግዳ መሆኑን እኔና ጠላ የምትቀዳው እህቱ እናውቃለን። ወንድሟን ናቅሁት፤ ራሱን የነቀነቀውንም ሁሉ ናቅሁት። ትርጉሙ አምሮልኛል ብሎ አጠገቤ ፈገግ ያለውን ጓደኛዬን ከሁሉም አብልጬ ናቅሁት።

ተዝካሩ ካለፈ ጥቁሩ ክፈፍ ይነሣል ብዬ ነበር። ወንድምየው «ሙት ዓመቱ ሳይወጣ አባቴን ማን ያወርዳል?» አለ። ጓደኛዬ ቀስ ብዬ አስረዳዋለሁ አለኝና ሲያስረዳው ከረመ፤ ማለትም ጎንደር በመጣ ቁጥር ሻይ ሲጋብዘው ከረመ።

ጾሙ ሲቃረብ ልጅቱ በአውቶቡስ መጥታ ደረጃችንን ወጣች። ጥቁር ልብሷ አቧራ ጠጥቷል።

«እህቴ፣ አባቴን አውርጂው አልልሽም» አለች። «እንደ ድሮው በሩ ላይ አቁሚልኝ።»

ጓደኛዬ ሊናገር አፉን ሲከፍት አየሁት። አልጠበቅሁትም፤ ጥቁሩን ክፈፍ አጥፍቼ የድሮውን ፎቶ መለስኩ። በማግስቱ ወንድሟ ደወለ። ሊጮኽብኝ ነው ብዬ እኔም ለጩኸት ተዘጋጅቼ ነበር።

«ሸጋ ነው! አባቴ ጎላ ብሎ ወጣ። ምነው ይችን መጀመሪያውኑ አላወጣችሁም ነበር?» አለኝ።

ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ምን ዋጋ አለው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ፈረንጅ ማረፊያውን ከወራት በፊት ነው የሚይዘው፤ የዚያ ዓመቶቹ ደግሞ ሌላ ቦታ ይዘው ጨርሰዋል። መኪኖቹ በበሯ አልፈው ወደ ታች ወረዱ። ጾም ሲገባ አልጋዎቹ ወጡ፤ የማሽላ ጆንያ ገባ። ልጅቱ ደባርቅ ወጥታ የሰው ሆቴል ወጥ ቤት ተቀጠረች።

ድረ ገጹ ግን እንዳለ ቀረ። ሽማግሌው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለጆንያ እንግዳ ይቀበላሉ። ኢሜይልም መምጣቱን አላቆመም፤ ጓደኛዬ በትሕትና «ለጊዜው ማስተናገድ አንችልም» እያለ ይመልሳል። ባየሁት ቁጥር ደሜ ስለሚፈላ አንድ ቀን ላጠፋው ቆረጥኩና፣ ሳትሰማ እንዳይሆን ብዬ ደወልኩላት። ከኋላዋ ድስት ይንኳኳል።

«አታጥፊው እህቴ» አለች። «ሌላ ፎቶ የለኝም፤ የመታወቂያውን ወንድሜ ወስዶታል። ሥራ በረድ ሲልልኝ በስልኬ ከፍቼ አየዋለሁ።» ድስቱን ስትከድነው ሰማሁ። «አስቸገርኩሽ አይደል?»

«ችግር የለም» አልኳት።